ሚሊኒየም አዳራሽን ከአጎቴ ጋር

እኔ ባደግሁባት ሆሞሻ ትልቁ አዳራሽ የማንጎ ዛፍ ነበር። ከአሶሳ በስተሰሜን ባለችው በዚያች ወረዳ ማንጎው እንደ ልቡ ይንሰራፋል፤ ጥላው አንድ መንደር ያስቀምጣል። ሽማግሌ የሚቀመጠው፣ የተጣላ የሚታረቀው፣ ከቀበሌ የመጣ ሰው የሚናገረው እዚያ ሥር ነው። ደስታ ሲሆን ደግሞ ሰፋ ወዳለው ሜዳ ወጣ ተብሎ ዋዛ ይነፋል። ዋዛ በአማርኛ ቀልድ ይመስላል እንጂ በበርታዎች ዘንድ ቁም ነገር ነው፤ ከቅል እየተቀጣጠለ የሚሠራ ረጅም መለከት ሲሆን፣ አንዱ መለከት የሚያወጣው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ዜማው የሚሞላው ነፊዎቹ ሁሉ ተራቸውን ጠብቀው ሲነፉ ነው። አንዱ ከቀረ ቀዳዳው ይሰማል።

ይህን ያነሳሁት ባለፈው የዘመን መለወጫ ሰሞን ለዓይን ሕክምና ወደ አዲስ አበባ የመጡት አጎቴ፣ ከአሶሳ ያመጣቸው አውሮፕላን ቦሌ እንዳረፈ የጠየቁኝ የመጀመሪያ ጥያቄ ስለ አዳራሽ ስለነበር ነው።

«ያ ሚሊኒየም የሚሉት አዳራሽ ሩቅ ነው?»

ሩቅ አልነበረም። ከአውሮፕላን ማረፊያው ወደ ከተማ በሚያስገባው መንገድ ላይ፣ ከተርሚናሉ በመኪና የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። ሻንጣቸውን እንደያዝን ልንሄድ ነበር፤ «ዛሬ ይረፉ፣ በማግስቱ ባዛሩን እናያለን» ብዬ አስቀረኋቸው። ለምን እንደጠየቁ አውቄ ነበር። ልጃቸው፣ የአጎቴ ልጅ፣ ነርስ ናት። በ2012 ክረምት በስልክ «ሥራ የት ነው?» ሲሏት «ሚሊኒየም አዳራሽ» ትላቸው ነበር። ነርስ አዳራሽ ውስጥ ምን ታደርጋለች? ይህ ጥያቄ ከእሳቸው ጋር ከረመ።

አዳራሹ የተሠራው ለአንድ ሌሊት ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ጳጉሜን 6 ቀን 1999 ዓ.ም. ማታ፣ ኢትዮጵያ ሁለት ሺህ ዓመትን ስትቀበል፣ ሼህ መሐመድ አል-አሙዲ ባወጡት ገንዘብ ለበዓሉ የደረሰው ይህ ግዙፍ የብረት ጣራ ሥር ሰው ተሰበሰበ። ከአሜሪካ ብላክ አይድ ፒስ የተባሉት ሙዚቀኞች መጥተው ዘፈኑ። የመግቢያው ዋጋ ለብዙው የከተማ ሰው የሚቀመስ አልነበረም፤ እኔም ያን ሌሊት ያሳለፍኩት በጎረቤት ቴሌቪዥን ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በዚያ ምሽት ስለ አገሪቱ ህዳሴ ተናገሩ። ቃሉ ከዓመታት በኋላ ወደ እኛው ክልል ወርዶ ጉባ ላይ የግድብ ስም ሆነ።

አዲስ አበባ ከዚያ በፊትም ትልልቅ መሰብሰቢያ አጥታ አታውቅም። በ1953 የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ አለ፤ የአፈወርቅ ተክሌ 150 ካሬ ሜትር የመስታወት ሥዕል ያለበት፣ ግንቦት 17 ቀን 1955 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተበት። ነገር ግን እሱ ከመጀመሪያው ለታሪክ ተብሎ የተሠራ፣ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚገባበት ቤት ነው። ሚሊኒየም ሌላ ዓይነት ነው። በዓሉ ካለፈ በኋላ የመጣውን ሁሉ ተቀበለ፦ የበዓል ባዛር፣ ኮንሰርት፣ የዩኒቨርሲቲ ምረቃ፣ የአበባ አምራቾች ኤግዚቢሽን፣ የፓርቲ ስብሰባ። ለማንም የሚከራይ ቤት ክብር የለውም የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ለማንም የማይከፈት አዳራሽ ምኑ አዳራሽ ነው?

ደግሞ ታሪኩም ሳይጠራ መጣ። ሐምሌ 8 ቀን 2010 የኤርትራው ፕሬዚዳንት ኢሳያስ አፈወርቂ ከጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ጋር መድረኩ ላይ ቆሙ፤ ከሃያ ዓመት በፊት በጦርነት የተለያዩ ቤተሰቦች በቴሌቪዥን ፊት ሲያለቅሱ አስታውሳለሁ። በዚያው ክረምት ለዓመታት ተከፍሎ የነበረው የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ሲኖዶስ እርቅ እዚያው ተበሠረ። ዓመት ሳይሞላ፣ ሰኔ 18 ቀን 2011፣ በጥይት የተገደሉት የጦር ኃይሎች ኤታማዦር ሹም ጄኔራል ሰዓረ መኮንን አስከሬን በዚያው ጣራ ሥር ተሸኘ። ጭብጨባውንም ልቅሶውንም የሰማው ያው ወለል ነው።

ከዚያ ወረርሽኙ መጣ። ኮንሰርት ቆመ፣ ባዛር ተዘጋ፤ አዳራሹ ግን ባዶውን አልተቀመጠም። ወለሉ ተከፋፍሎ ወደ አንድ ሺህ የሚደርስ አልጋ ሊይዝ ተሰናዳና፣ ግንቦት 25 ቀን 2012 የመጀመሪያውን የኮቪድ ታማሚ ተቀበለ። ሥራውን የያዘው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ነበር። በመጀመሪያ ምልክት ያልታየበትም ሰው ቫይረሱ ከተገኘበት ይገባ ነበር፤ በኋላ የጠናባቸው፣ ያለ ኦክስጅን መተንፈስ ያቃታቸው በዙ። ጠያቂ አይገባም። እዚያ የሞተ ሰው ቤተሰቡ ደጅ ላይ እንኳ ሊጠብቀው አልቻለም። ዛሬ በዚያ በር አይስክሬም ይዘን ስንገባ ይህን የምናስታውስ ስንቶቻችን ነን?

ከአጎቴ ጋር የሄድነው ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ቤተሰባችሁን ይዛችሁ ለመሄድ ያሰባችሁ፣ በባዛር ሰሞን ከቀትር በኋላ የቦሌ መንገድ እንደሚጨናነቅ አስቡና ማልዳችሁ ውጡ፤ ሕፃናትን ደግሞ እጃቸውን አትልቀቁ፣ የድምፅ ማጉያው ጩኸት ስም ጠርታችሁ እንዳትሰሙ ያደርጋል። ውስጡ እንደተለመደው ነበር፦ ብርድ ልብስ፣ የፕላስቲክ ሳፋ፣ ሶፋ፣ የማር ጣሳ፣ «ቅናሽ! ቅናሽ!» የሚል ወጣት። ከወዲያኛው ጫፍ መድረክ ላይ አንድ ዘፋኝ ማይክራፎን ይሞክራል።

አጎቴ አንድም ዕቃ አላዩም። አንገታቸውን አቅንተው ጣራውን አዩ፤ ከዚያ ወለሉን።

«ይህን ሁሉ ሰው የሚያስጠልል ማንጎ አይገኝም» አሉ። ትንሽ ቆይተው «አልጋዎቹ በየት በኩል ነበሩ?» ብለው ጠየቁኝ።

እኔ አላውቅም። በሕመሙ ጊዜ ወደዚህ ሰፈር ዝር ብዬ አላውቅም፤ እውነቱን ለመናገር በታክሲ ሳልፍ እንኳ መስኮት እዘጋ ነበር። ግድግዳውን ብቃኝ የሚያመለክት ጽሑፍ ዓይኔ አልገባም። በር ላይ የቆመውን ጥበቃ ጠየቅነው። ሰውየው አጎቴን አየና ከወንበሩ ተነሣ።

«የትም ነበር አባባ» አላቸው። «አሁን እርስዎ የቆሙበትም ላይ ነበር።»

አጎቴ እግራቸውን ቀስ ብለው አነሡ፤ እንደ ሰው መቃብር።

በ2017 በሲኤምሲ በኩል አዲሱ ዓለም አቀፍ የኮንቬንሽን ማዕከል ተመርቋል፤ በዚያው ዓመት ጳጉሜን ላይ ሁለተኛውን የአፍሪካ የአየር ንብረት ጉባኤ አስተናግዷል። ትልልቁ እንግዳ ወደዚያ እያዘነበለ ነው። ሚሊኒየም ምን እንደሚሆን የሚወስኑት ሌሎች ናቸው፤ የእኔ ልመና ትንሽ ናት። በሩ አጠገብ አንዲት የእብነ በረድ ሰሌዳ፣ ላይዋ ላይ ግንቦት 25 ቀን 2012 የሚል። ባዛር የሚሸጠውም የሚገዛውም አንድ ጊዜ ቆሞ ያንብባት። ነርሶቹም አንድ ቀን ልጆቻቸውን አምጥተው ያሳዩ።

ስንወጣ አጎቴ አንድ ብርድ ልብስ ገዙ፤ ዋጋ እንኳ አልተከራከሩም፣ ይህ የማያውቁት ጠባይ ነው። ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው ልጃቸው ዘንድ ደወሉ። አሁን አሶሳ ነው የምትሠራው። ድምፅ ማጉያው እየጮኸ ስለነበር እሷም ጮኻ ስትናገር እኔ ድረስ ይሰማኛል።

«አባዬ፣ ይህ ሁሉ ጫጫታ ምንድነው? የት ነዎት?»

አጎቴ አንድ ጆሯቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው፣ «ሥራ ቦታሽ» አሏት።