ከአንኮበር የቀረው ግድግዳ

ደብረ ብርሃን፣ ኅዳር

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣

እዚህ በኅዳር ጠዋት ሜዳው ውርጭ ለብሶ ነው የሚነጋው።

ትናንት አንኮበር ደርሼ መጣሁ። ከዚህ ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ በገብስ ማሳ መካከል ሄዶ ሄዶ ድንገት ገደል አፋፍ ላይ ያወጣል፤ ከዚያ ወዲያ ቆላው ነው፣ እስከ አፋር ድረስ። የምኒልክ ቤተ መንግሥት የነበረበትን ጉብታ በእግሬ ወጣሁት።

የቀረው አንድ ረጅም የድንጋይና የኖራ ግድግዳ ነው። ቁመቱ ከሰው ደረት ብዙም አያልፍም። ድንጋዩን ሽበት ወርሶታል፣ በስንጥቁ ሣር በቅሏል። ወንድም ጋሼ፣ እንዴት እንደሚያምር! አጠገቡ ተቀምጬ መነሣት አቃተኝ።

የእንግሊዙ መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሲላክ በአንኮበር ከርሟል። ምኒልክም በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው የሸዋን ዙፋን ሲይዙ መቀመጫቸው እዚሁ ነበር። በኋላ ወደ እንጦጦ ወጡ፣ በ1879 አዲስ አበባ ተቆረቆረች። በዚያው ዓመት ጠመንጃ ጭኖ አንኮበር የደረሰው ፈረንሳዊው ባለቅኔ ራምቦ ንጉሡን ለማግኘት እስከ እንጦጦ መጓዝ ነበረበት። ንጉሥ ሲነሣ ሹሙም፣ ነጋዴውም፣ ባለ እጁም ይከተላል። እኔና እርስዎ ያደግንባት አዲስ አበባ የሞላችው አንኮበር እየጎደለች ነው።

በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ ስንት ቀን እህል አልቀምስ እንዳሉ አልረሳም። እዚያ ጠዋት የነበረ ቤት ማታ የለም። አንኮበር ላይ ግን ዝናብና ፀሐይ ከመቶ ዓመት በላይ ቀስ ብለው የሠሩት ነው፤ ድንጋዩ ማን እንዳነጸው፣ ስንት ክረምት እንደተቀበለ ዛሬም ይታይበታል። የማረከኝ ይኸው ነው።

ጉብታው ላይ በቤተ መንግሥቱ አምሳል የተሠራ ሎጅ አለ። ቦታውን ሰው እንዲጎበኘው አድርጓልና ደስ ይላል። ግድግዳውን ግን ማንም አድሳለሁ ብሎ በሲሚንቶ እንዳይለስነው እሰጋለሁ። ጎርፉን የሚመልስለት ቦይና ሰው እንዳይወጣበት የሚከላከል አጥር ይበቃዋል።

ትምህርት ሲዘጋ ልጆቹን ይዘው ይምጡ፣ አብረን እንወጣለን። ወፍራም ጋቢ አይርሱ። ለእትዬ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።

ታናሽዎ