መርፌዋ ለምን ዝም አለች?

በዚህ ሳምንት ስለ በጀት ክርክር ላስነብባችሁ ቃል ገብቼ ነበር። ቃሌን ያስበላኝ የፖለቲካ ሰው ሳይሆን መኪናዬ ናት። አራት ቀን ሙሉ በአንድ ጋራዥ ደጃፍ፣ በተገለበጠ የቢራ ሣጥን ላይ ተቀምጬ ስለዋልኩ፣ ከሞተር ሙቀት በቀር የማስበው ነገር አልነበረኝም። ፖለቲካ ብቻ የምትሹ ይህን ጽሑፍ ብትዘሉት አልቀየምም። ያረጀ መኪና ያላችሁ ግን ታገሡኝ።

መኪናዋ የ1975 ዓ.ም. ኮሮላ ዲኤክስ ናት። አባቴ ከደመወዙ ቆጥቦ የገዛት፣ ሦስት ልጆች ትምህርት ቤት ያመላለሰባት፣ ሲሞትም ከመጻሕፍቱ ጋር ለእኔ የተወልኝ። ፎር ኬ የሚባለው ሞተሯ 1290 ሲሲ ነው፤ ብሎኩ ብረት፣ ቴስታታው አልሙኒየም። ይህችን የብረትና የአልሙኒየም ነገር ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

«አርባ ዓመት ያለፋትን መኪና ለምን አትሸጣትም?» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። ሸጬ ምን ልግዛ? በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን እንደ ዕድሜያቸው እያከበደ ቀረጠ። በ2016 ዓ.ም. ጥር ላይ በኤሌክትሪክ የማይሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉን ሰማን። በዚያው ዓመት ሐምሌ የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ የመለዋወጫው ዋጋ አብሮ ተለቀቀ። የአባት ውርስ መሆኗን ትቼው ማለቴ ነው። (በነገራችን ላይ፣ የኤሌክትሪክ መኪና የገዛ ጎረቤቴ «ከራዲያተር ተገላገልኩ» ብሎ ሲኩራራብኝ፣ የአብዛኞቹ ባትሪም በፈሳሽ እንደሚቀዘቅዝ ስነግረው ቅር አለው።)

ነገሩ የጀመረው ክረምቱ ሲወጣ ነው። ጠዋት ጠዋት ራዲያተሩን ከፍቼ ሳይ ውሃው ጎድሎ አገኘዋለሁ፤ በሁለት ቀን አንድ ሊትር ያህል እጨምራለሁ። ከሥሯ ያለው መሬት ግን ደረቅ ነው። መገናኛ ላይ መንገድ ተጨናንቆ ስንቆም የሙቀት መለኪያው መርፌ ከመሐል አልፋ ወደ ቀዩ ትጠጋለች፤ መንገዱ ተከፍቶ ንፋስ ሲገባት ትመለሳለች። በሰፈራችን ወዳለ ጋራዥ ወሰድኳት። መካኒኩ ወጣት፣ ትሑትና ፈጣን ነው። ቴርሞስታቷን አውጥቶ «ውሃውን የምታፍነው ይቺ ናት» ብሎ ጣላት። መርፌዋ ለሳምንት ያህል ዝቅ ብላ ከረመችና ዳግመኛ መውጣት ጀመረች። ተመልሼ ሄድኩ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ «ጨርሻለሁ ጋሼ» አለኝ። እውነትም ከዚያች ቀን ጀምሮ መርፌዋ ከታች ንቅንቅ አላለችም። ለጓደኞቼ ሁሉ ስለ ወጣቱ እጅ አወራሁ። ውሃው ግን መጉደሉን አልተወም፤ እኔም መጨመሬን።

ባለፈው ወር እናቴን ይዤ አራስ ልንጠይቅ አዳማ ወረድን። ስንመለስ በአሮጌው መንገድ ነበር የመጣነው። ይህ መንገድ ዳገት መሆኑ ለዓይን አይታወቅም፤ ነገር ግን ከ1600 ሜትር ከፍታ ተነሥቶ አዲስ አበባ ሲደርስ ከ2300 ያልፋል። ቢሾፍቱን አልፈን ዱከም ሳንደርስ እናቴ «የፈላ ነገር ይሸተኛል» አለችኝ። መርፌዋን አየሁ፤ ታች ናት። «ምንም የለም እማዬ፣ ከውጭ ነው» አልኳት። ትንሽ ቆይታ ደገመችልኝ። እኔም መርፌዋን በጣቴ አሳየኋት። ዐሥር ደቂቃ ያህል እንደሄድን ሞተሩ ጉልበት አጣ፣ መንኳኳት ጀመረ፣ ከኮፈኑ ሥርም ነጭ እንፋሎት ተትጎለጎለ።

እናቴ ሰባ ስድስት ዓመቷ ነው። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፤ አንድም ቃል አልተናገረችም። አንድ ከባድ መኪና ቆመልን። (የከባድ መኪና ሾፌሮችን በዚህ ገጽ ስንት ጊዜ እንደወቀስኩ የምታስታውሱ ሣቁብኝ።) ረዳቱ ቢጫ ጀሪካን ይዞ ሲሮጥ እኔ የራዲያተሩን ክዳን በጨርቅ ይዤ ልጠመዝዝ ስል፣ ሾፌሩ ከላይ ሆኖ «ተው! ፊትህን ይልጥሃል!» ብሎ ጮኸ። ነፍሱን ይማረውና አባቴም ይህንኑ ነግሮኝ ነበር። በታፈነ ራዲያተር ውስጥ ያለው ውሃ ከመፍያው በላይ ግሎ በግፊት ብቻ ተይዞ የቆየ ነው፤ ክዳኑ በተከፈተ ቅጽበት ወደ እንፋሎት ተለውጦ ይፈነዳል። ቀዝቃዛ ውሃ በጋለ ሞተር ላይ መድፋትም ቴስታታውን ሊሰነጥቀው ይችላል። አርባ ደቂቃ ጠበቅን። ሾፌሩ ጉዞውን ትቶ አብሮን ጠበቀ።

መኪናዋ ተጎትታ የደረሰችው ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ወደሚሠሩ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ ነው። እኒህ ሰው ኮፈኑን ከመክፈታቸው በፊት የጠየቁኝ «ለምን ትግላለች?» ብለው አይደለም፤ «ውሃው የት ነው የሚሄደው?» ብለው ነው። ውሃ አይተንም ብለህ አትሸወድ አሉኝ፤ ወይ ወደ ውጭ ይወጣል፣ ወይ ሞተሩ ራሱ ይጠጣዋል። መሬቱ ደረቅ የሆነው በጋለ ብረት ላይ የሚንጠባጠብ ውሃ መሬት ሳይደርስ ስለሚተን ነው። ትቶት የሚሄደው ግን አለ፤ ነጭ ወይም አረንጓዴ ቅርፊት። ሞተሩ ፍጹም እስኪቀዘቅዝ ጠብቀው በባትሪ ብርሃን ያንን ቅርፊት ፍለጋ ገቡ። የራዲያተሩን የጎማ ቱቦዎች አንድ በአንድ ጨመቁ፤ አንዱ ጫፉ ላይ እንደ ሊጥ ለስልሶ ነበር። ከውሃ ፓምፑ ሆድ ሥር ካለች ትንሽ ቀዳዳ ነጭ መስመር ወርዶ አገኙ። ያቺ ቀዳዳ ሆን ተብላ የተሠራች ናት፤ የፓምፑ ማኅተም ሲያረጅ ውሃው በእሷ በኩል እየወጣ ባለቤቱን እንዲያስጠነቅቅ ነው። በማጣበቂያ የሚደፍኗት እንዳሉ ነግረውኝ ራሳቸውን ነቀነቁ። ስትደፈን ውሃው ወደ ኩሽኔታው ይገባል።

ቀጥሎ በእጅ የሚሠራ፣ ሰዓት ያለው የግፊት መለኪያ ፓምፕ በራዲያተሩ አፍ ላይ ገጥመው እስከ 0.9 ባር ነፉት። ሻይ ጠጥተን ስንመለስ 0.6 ሆኗል። ከውሃ ፓምፑ የሚወጣው ጠብታ ግን ለዚህ ሁሉ አይበቃም ነበር። የራዲያተሩን ክዳን ለብቻው ሞከሩት፤ 0.3 ላይ ለቀቀ።

ስለዚህች ክዳን ትንሽ ልቆይ፤ ከሁሉም ያስደነቀችኝ እሷ ናትና። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ገደማ ነው። ባቄላችን በድስት የሚዘገየውም ለዚህ ነው። ቴርሞስታት የምትከፈተው 82 ላይ ነው እንበል። ክዳኑ ካልያዘ በሞተሩ መደበኛ ሙቀትና በመፍላት መካከል ያለው ልዩነት ዐሥር ዲግሪ ብቻ ነው። 0.9 ባር የሚይዝ ክዳን ሲኖር ግን ንጹሕ ውሃ እንኳ እስከ 115 ገደማ ሳይፈላ ይቆያል። ለባሕር ጠረፍ ከተማ ችግር የማይሆን ያረጀ ክዳን ለእኛ የሞተር ሞት ነው። አንቲፍሪዝ ግማሽ በግማሽ ሲጨመር መፍያው ይበልጥ ይርቃል፣ ዝገትንም ይከላከላል። እኔ ግን «አዲስ አበባ ውሃ አይረጋባትም፣ ምን ያደርግልኛል?» እያልኩ ለዓመታት የቧንቧ ውሃ ሞላሁባት። ራዲያተሩ ሲታይ ከጅማቶቹ ሲሶ ያህሉ በዝገትና በደለል ተደፍነዋል። የተጣለችው ቴርሞስታትም ጥፋተኛ አልነበረችም። በብርድ ማለዳ ሞተሩ ቶሎ እንዳይሞቅና ነዳጅ እንዲበላ ከማድረግ በቀር የመውጣቷ ትርፍ አልታየም።

ከዚያ ወደ ውስጥ ገቡ። ዘይቱ ወተት አልመሰለም፤ ይህ ደግ ምልክት ነበር። ካንዴላዎቹ ሲወጡ ግን ሦስተኛው እንደ ታጠበ ስኒ ጸድቶ ብቻውን ያበራል። ውሃ እየገባበት በእንፋሎት የተጠረገ ነው። የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተበልቷል ማለት ነው። (ጣሊያን በአምስት ዓመት ያልያዘውን አገር በጋራዥ ቃላት ይዞት ቀረ፤ ቴስታታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ካንዴላ፣ ቺንጋ፣ ማርሚታ።) አልሙኒየም ሲሞቅ ከብረት በእጥፍ ያህል ይሰፋል፤ ከመጠን በላይ ሲግል በብሎኖቹ እንደታሰረ ይጠምማል። ቴስታታው ወርዶ ቀጥ ያለ ብረት ሲጋደምበት በመሐሉ ብርሃን ያሳልፋል። እንዲህ ባሉ ሞተሮች የሚፈቀደው ጥመት የፀጉር ውፍረት ያህል ነው። የእኛው አልፎት ነበርና ወደ ቶርኖ ቤት ተላከ።

ካንዴላዎቹን ሲፈቱ ነው ሽማግሌው ድንገት ያቆሙት። «ይቺን ማን ቆረጣት?» አሉ። ወደ ሙቀት መለኪያው የሚሄደው ቀጭን ሽቦ ተቆርጦ፣ ጫፉ በጥቁር ፕላስተር በጥንቃቄ ተጠቅልሎ ተንጠልጥሏል። ሽቦው ከተቆረጠ መርፌዋ ሁልጊዜ «ቀዝቃዛ» ትላለች። ሞተሩ ቢቀልጥም አትነሣም።

እንደ እኔ ያለ ጸሐፊ በዚህ ጊዜ ምን እንደሚያስብ ታውቃላችሁ። ስለ ሪፖርትና ስለ ቁጥር የምጽፈው ሁሉ በአንድ ጊዜ ትውስ አለኝ፤ በንዴት ጽሑፉን በጭንቅላቴ እስከ ርእሱ ጨረስኩት። በማግስቱ ወጣቱ መካኒክ ዘንድ ሄድኩና ሽቦዋን ፊቱ ላይ ዘረጋሁ። አልካደም። አቀርቅሮ እጁን በጨርቅ ሲጠርግ ቆየና «ጋሼ፣ እርስዎ እኮ ያሉኝ ‹ይቺን መርፌ እንዳትወጣ አድርግልኝ፣ አስጨነቀችኝ› ነው። ራዲያተሩ ይውረድ ስልዎት ‹አሁን ገንዘብ የለኝም› አሉ» አለኝ።

ብያለሁ። ቃል በቃል ብያለሁ። ሽቦ እንዲቆርጥ አላዘዝኩትም፤ እሱም መቁረጡን አልነገረኝም፤ ይህን ሁለታችንም እናውቃለን። ያዘጋጀሁት ጽሑፍ ግን እዚያው ቀረ። ሽቦ ያልተቆረጠባት የእናቴ አፍንጫ እንኳ ሁለቴ ነግራኝ እንደነበር አስቤ ይበልጥ አፈርኩ።

ወጪው የሁለት ወር የቤት ኪራይ ያህል ወጣ። አዲስ ጓርኒሲዮን፣ የውሃ ፓምፕ፣ ቱቦ፣ ቴርሞስታትና 0.9 የተጻፈበት ክዳን ገባ፤ ራዲያተሩ ተፈትቶ ተጠርጎ ተበየደ፤ ሽቦዋም ተቀጠለች። ፓምፑን ሶማሌ ተራ ሁለት ቀን ፈልጌ ነው ያገኘሁት።

ባለፈው እሑድ እናቴን ከቤተ ክርስቲያን ወደ ቤት ይዣት ስመለስ፣ መንገዱን ትታ ዓይኗን ከመርፌዋ ላይ ተክላ ነበር። ዳገቱ አጋማሽ ላይ «ወጣች» አለችኝ።

«ትንሽ ነው እማዬ፣ ዳገት ስለሆነ ነው። ትመለሳለች።»

«አቁም ብዬሃለሁ» አለች።

አቆምኩ።