የጋራ ኪስ በሆንግ ኮንግ

ከጓደኞቹ ጋር ሩቅ አገር ለመሄድ ያሰበ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ገንዘብ ያዥ ይምረጥ። እኛ አገር አብረው የበሉ ጓደኛሞች ሂሳብ ሲመጣ እጅ ለእጅ ይያያዛሉ። አንዱ «በእናትህ ተው፣ እኔ ልክፈል» ይላል፤ ሌላው «ባለፈውም አንተ ነህ» ብሎ የአስተናጋጁን ክንድ ይይዛል። ደግ ልማድ ነው፤ ያደግኩበት ነው፤ እወደዋለሁም። ነገር ግን እያንዳንዱ ሳንቲም ታስቦ በተያዘበት ጉዞ ላይ ይኸው ደግነት ሰው ይጎዳል። ደመወዙ ሻል ያለው ደጋግሞ ይከፍላል፤ ያነሰው ደግሞ እየተሳቀቀ ይመጣና በሁለተኛው ቀን «እኔ አላማረኝም፣ እናንተ ብሉ» ማለት ይጀምራል። ስለዚህ እኛ አራታችን ወደ ሆንግ ኮንግ ከመነሳታችን በፊት እኩል አዋጣንና የሰፈሩን እድር ሂሳብ ይዞ ለሚያውቀው ጓደኛችን አስረከብነው። የመኝታው፣ የምግቡና የትራንስፖርቱ ሁሉ ከዚያ ይወጣል። ከዚያ ሌላ የሚከፍልም የሚከፈልለትም የለም።

ሆንግ ኮንግ ኪሱ ለሳሳ መንገደኛ አትሆንም ይባላል። የቤት ዋጋዋ ከዓለም ውድ ከሚባሉት ተርታ ስለሆነ የሚሉት ሐሰት አይደለም። እኔ ግን አይቻት ከተመለስኩ በኋላ የተቃራኒውን ነው የምከራከረው። እዚያ ውድ የሆነው በር ዘግተው የሚቀመጡበት ነገር ነው። ጀልባው፣ ትራሙ፣ ተራራው፣ የባሕር ዳርቻውና ከማዘጋጃ ቤቱ የገበያ አዳራሾች በላይ ያለው የምግብ ፎቅ ግን ወይ ርካሽ ነው ወይ ነጻ። ገንዘብ ያለው እንግዳ በአሳንሰር ወደ ክፍሉ ይወጣና ወደቡን በመስታወት ያያል። እኛ ከጠዋት እስከ እኩለ ሌሊት ውጭ ነበርን፤ ከተማዋም ያለችው ውጭ ነው።

ያረፍነው በካውሉን በኩል፣ ጺም ሻ ጹይ በሚባለው ሰፈር፣ ናታን ሮድ ላይ ባለው ቸንግኪንግ ማንሽንስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 የተሠራ ባለ 17 ፎቅ ሕንጻ ሲሆን ከመሬቱ ፎቅ በላይ በአምስት ብሎኮች ይከፈላል። ታች ገንዘብ መንዛሪዎች፣ የሞባይል ሱቆችና የሳምቡሳ መጥበሻዎች ናቸው፤ ላይ ትናንሽ የእንግዳ ማረፊያዎች። ክፍላችን ውስጥ አልጋዎቹ ከግድግዳ ግድግዳ ስለሞሉት በሩ የሚከፈተው አልጋው ላይ ያለው ሰው እግሩን ሲሰበስብ ነበር። መታጠቢያውና መጸዳጃው አንድ ስለሆኑ ገላውን የታጠበ ሰው መቀመጫውንም አብሮ አጥቦ ይወጣል። መስኮቱን ሲከፍቱት የሚታየው በሕንጻው መካከል ያለ ጠባብ የአየር መተላለፊያ ነው፤ ከላይ እስከ ታች ከተደረደሩት የአየር ማቀዝቀዣዎች ቀንና ሌሊት ውሃ ይንጠባጠባል።

ከክፍሉ ይልቅ ትዝ የሚለኝ አሳንሰሩ ነው። እያንዳንዱ ብሎክ ሁለት ትናንሽ አሳንሰሮች አሉት፤ አንዱ ለሙሉ ቁጥር ፎቆች፣ ሌላው ለጎዶሎዎቹ። ማታ ማታ ረጅም ሰልፍ አለ። ከፊት ካርቶኑን በፕላስተር አስሮ ያቀፈ የምዕራብ አፍሪካ ነጋዴ፣ ከኋላ ጆንያ ሩዝ የተሸከመ የምግብ ቤት ሠራተኛ፣ መሐል ላይ እንደ እኛ ቦርሳ ያዘሉ ልጆች። ተጠጋግተን እንገባለን፤ ክብደቱ ካለፈ ደወሉ ይጮሃል፤ በመጨረሻ የገባው ሰው ያለ ክርክር ይወጣል። አንድ ምሽት መውጣት የደረሰው የእኛ ልጅ ነበር። እሱ ከመውጣቱ በፊት ግን ነጋዴው ካርቶኑን ይዞ ወጣ። «እናንተ አብራችሁ ናችሁ፣ እኔ ብቻዬን ነኝ። ሂዱ» አለን፤ ተመልሶም የሰልፉ ጫፍ ላይ ቆመ።

እንደ እሱ ያሉ ነጋዴዎች ለአህጉራችን ያደረጉትን የጻፈ ሰው አለ። በሆንግ ኮንግ የቻይና ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው አንትሮፖሎጂስት ጎርደን ማቲውስ ይህን ሕንጻ ለዓመታት አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ2011 መጽሐፍ አሳትሟል። በማረፊያዎቹ መዝገብ ላይ የ129 አገር ሰዎችን አግኝቷል። ባጠናበት ዘመን ከሰሃራ በታች ባሉት አገሮች በሰው እጅ ከነበሩት ሞባይሎችም እስከ 20 በመቶ የሚደርሱት በዚህ ሕንጻ በኩል ሳያልፉ አልቀሩም ሲል ገምቷል። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ያልደረሱበትን የአፍሪካ ገበያ በካርቶንና በሻንጣ ያዳረሱት እኛ የተኛንበት ዓይነት አልጋ ላይ የተኙ ሰዎች ናቸው። ስለ ሕንጻው ብዙ መጥፎ ወሬ ሰምተን ነበር የሄድነው። እኔ ግን እዚያ ካሉት ጋር እኩል መሰለፌን እንደ ክብር እቆጥረዋለሁ።

ከመካከላችን አንዱ ረቡዕና ዓርብን የሚጾም ነው፤ ምን ሊበላ ነው ብለን ተጨንቀን ነበር። እዚያው ሕንጻ ውስጥ ሥጋና ቅቤ የሌለበት የምስር ወጥ፣ የሽምብራ ወጥና ትኩስ ቂጣ የሚያቀርቡ የሕንድ ምግብ ቤቶች አሉ። ምስሩ ከቤታችን ክክ ብዙም አይርቅም፤ ቅመሙ ብቻ ሌላ ነው። ሹካ ይምጣ ወይ ተብለን ስንጠየቅ እጃችንን ታጥበን መጣን። አንድ ሰሃን መሐል ላይ አስቀምጠን ስንበላ አስተናጋጁ ቆሞ አየን፤ ሳይጠየቅም ቂጣ ጨመረልን። ጾመኛው ጓደኛችን የመጀመሪያዋን ጉርሻ ለገንዘብ ያዡ ሰጠው።

ቀን ቀን ስታር ፌሪ የሚባለው ጀልባ ነበር ደስታችን። ከካውሉን ወደ ሆንግ ኮንግ ደሴት አሥር ደቂቃ ገደማ ይወስዳል፤ የአዘቦት ቀን ዋጋው አምስት የሆንግ ኮንግ ዶላር ገደማ ነው። አንድ የአሜሪካ ዶላር በ7.8 የሆንግ ኮንግ ዶላር ስለሚመነዘር አንድ የአሜሪካ ዶላር እንኳን አይሞላም። የታችኛው ፎቅ ደግሞ ከላይኛው ይረክሳል። ገንዘብ ያዣችን ሁልጊዜ የታችኛውን ነበር የሚቆርጥልን፤ እዚያ ላይ ሆኖ የሞተሩን ሙቀትና የባሕሩን ሽታ የቀመሰ ሰው ወደ ላይ መውጣት አያምረውም። የእንጨቱ ወንበር መደገፊያ ወዲያና ወዲህ ይገለበጣል፤ ጀልባው መዞር ስለማያስፈልገው ሰዉ ገልብጦ ፊቱን ወደሚሄድበት ያደርጋል።

ይህ ጀልባ ርካሽ ሆኖ የቀረው እንዲሁ በዋዛ አይመስለኝም። እ.ኤ.አ. በ1966 ኩባንያው በላይኛው ፎቅ ዋጋ ላይ 5 ሳንቲም ሊጨምር ሲነሳ ሶ ሳው ቹንግ የሚባል ወጣት ተቃውሞውን ጥቁር ጃኬቱ ላይ በነጭ ቀለም ጽፎ የደሴቱ ጀልባ ጣቢያ ላይ ምግብ አልበላም ብሎ ቆመ። በማግስቱ ታሰረ። ካውሉን ለተከታታይ ሌሊቶች ታመሰች፤ አንድ ሰው ሞተ፣ ከአንድ ሺህ በላይ ታሰሩ። ጭማሪው ሀብታሙ የሚቀመጥበትን ፎቅ ብቻ የሚነካ ነበር። ሕዝቡ ግን ዛሬ ላይኛውን ከነካ ነገ ሌላው ሁሉ መከተሉ አይቀርም ብሎ ፈራ። ይህን ካነበብኩ በኋላ ያን የእንጨት ወንበር እንደ ተራ ወንበር ማየት አልቻልኩም። እኔ በሳንቲም የተቀመጥኩበትን ቦታ ያቆየልኝ የማላውቀው ሰው ረሃብ ይመስለኛል።

ትራሙም ከእ.ኤ.አ. 1904 ጀምሮ ደሴቱን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ያቋርጣል። ባለ ሁለት ፎቅ ነው፤ በኋላ በር ተገብቶ በፊት በር ሲወረድ ይከፈላል፤ አንድ ፌርማታም ተሄደ ዳር እስከ ዳር ዋጋው አንድ ነው፣ ሦስት የሆንግ ኮንግ ዶላር ገደማ። የላይኛው ፎቅ የፊት መስኮት ጋ ከተቀመጡ በሁለተኛ ፎቅ ያሉ ሰዎች ልብስ ሲያሰጡ፣ ካርታ ሲጫወቱ፣ ልጅ ሲያስጠኑ ያያሉ። በመንግሥት ከሚተዳደሩት ሙዚየሞች በርካቶቹም ቋሚ ዐውደ ርዕያቸውን ከእ.ኤ.አ. 2016 ጀምሮ በነጻ ያሳያሉ፤ ዝናብ ሲይዘን መጠጊያችን እነሱ ነበሩ።

እሑድ ግን ሌላ ቀን ነው። ሴንትራል በሚባለው የባንኮች ሰፈር ኖርማን ፎስተር የነደፈው የኤችኤስቢሲ ባንክ የሆንግ ኮንግ ዋና መሥሪያ ቤት አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1985 ሲጠናቀቅ ከዓለም ውድ ሕንጻዎች አንዱ ተብሎ ነበር። ሥሩ ግድግዳ የለውም፤ ማንም ከመንገድ ወደ መንገድ ያቋርጥበታል። እሑድ በዚያ ጥላ ሥርና በዙሪያው ባሉት ጎዳናዎች ላይ የቤት ሠራተኞች ካርቶን አንጥፈው ይቀመጣሉ። በከተማዋ ከ300 ሺህ በላይ ናቸው፤ አብዛኞቹ ከፊሊፒንስና ከኢንዶኔዥያ የመጡ። ሕጉ በየሰባት ቀኑ አንድ የዕረፍት ቀን ይሰጣቸዋል። የሥራ ውላቸው ግን በአሠሪያቸው ቤት እንዲያድሩ ያስገድዳቸዋል፤ ስለዚህ ያን አንድ ቀን የሚያሳልፉበት የራሳቸው ክፍል የላቸውም። በካርቶን አጥር ከልለው ፀጉር ይሠራራሉ፣ ይጸልያሉ፣ ወደ አገራቸው የሚልኩትን ሳጥን ያሽጋሉ።

በዚያ በኩል ስናልፍ ዙሪያውን ከተቀመጡት አንዷ ሰሃን አንስታ በእንግሊዝኛ «ኑ፣ ብሉ!» አለችን። በፊሊፒንስም የሚበላ ሰው አላፊ አግዳሚውን ሳይጋብዝ አይበላም። ጫማችንን አውልቀን ተቀመጥን። ሩዝና በኮምጣጤ የተሠራ ዶሮ ነበር። ከየት እንደመጣን ስትሰማ ቀድሞ ዱባይ ሠርታ እንደነበርና አብራት የነበረች ኢትዮጵያዊት ቡና ማፍላት እንዳስተማረቻት ነገረችን። ከመካከላችን አንዱ እህቱ ቤይሩት ናት። ሊባኖስ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1946 የወጣው የሥራ ሕግ የቤት ሠራተኛን ከነጭራሹ አያካትትም። እ.ኤ.አ. በ2020 አገሪቱ ስትደኸይ አሠሪዎች ሴቶቻችንን ከነሻንጣቸው ቆንስላችን በር ላይ ጥለዋቸው ሄደው ነበር። እሱ ያን ሰሞን እንቅልፍ አልነበረውም። አሁን ድምፁን ዝቅ አድርጎ «በሳምንት አንድ ቀን፣ በሕግ?» ብሎ ጠየቃት። «በሕግ» አለችው። «ማዳሟ ባትፈልግም?» «ባትፈልግም።»

ገንዘብ ያዣችን ሳያማክረን ተነስቶ ሄደ። ሲመለስ ሁለት ፌስታል ብርቱካንና ብስኩት ይዟል፤ ካርቶኑ መሐል ላይ አስቀመጠው። ለማንም ሳይነግር ከጋራ ኪሱ ያወጣው ያን ቀን ብቻ ነው፤ ማታም ሂሳቡ ላይ «ለእህቶች» ብሎ ጻፈው።

ስለ ርካሽ ጉዞ የሚጻፈው ብዙው ነገር እዚህ ላይ ይጎድለዋል። እኛ በአንድ ክፍል ተጣበን ያደርነው የምንወጣበት ቀን ስለሚታወቅ ነው። ሻም ሹይ ፖ በሚባለው የድሆች ሰፈር በቀን ከምንዞርበት ርካሽ ገበያ በላይ አንድ ቤት ለብዙ ተከፋፍሎ ቤተሰብ ይኖርበታል፤ በከተማዋ እንዲህ ባለ ክፍል የሚኖረው ከ200 ሺህ ሰው በላይ ነው። እነሱ ምሽት ላይ መናፈሻው ውስጥ የሚቆዩት እንደ እኛ ለመዝናናት ብቻ አይደለም፤ ቤታቸው ሁሉንም በአንድ ጊዜ አያስቀምጥም። የከተማው የጋራ ነገር ለእንግዳ ትርፍ ነው፤ ለእነሱ ሳሎናቸው ነው። ስለዚህ ወንበር ሲሞላ መነሳት ያለበት እንግዳው ነው ብዬ አምናለሁ፤ እንነሳም ነበር።

ልንመለስ ስንል በትራሙ እስከ ምሥራቁ ጫፍ ሻው ኬ ዋን ሄደን፣ ከዚያ በአውቶቡስ የዘንዶው ጀርባ ወደሚባለው ጋራ ወጣን። የሆንግ ኮንግ 40 በመቶ የሚሆነው መሬት ጥብቅ ተራራና ደን ነው፤ መግቢያ የሚጠይቅ የለም። በሸንተረሩ ላይ ስንሄድ በአንድ በኩል ባሕር በሌላው ጫካ ነበር፤ ዘንግ የያዙ አረጋውያን ቀድመውን እየሄዱ ሰላምታ ይሰጡናል። ወርደን ቢግ ዌቭ ቤይ ዋኘን። አሸዋው ላይ ገንዘብ ያዡ ደብተሩን አውጥቶ እንደ እድር ጉባኤ ገቢና ወጪውን ከመጀመሪያው አነበበልን። ጥቂት ተርፏል። ሁለታችን ለሚቀጥለው ጉዞ መነሻ ይሁን አልን። ደመወዙ ከሁላችን የሚያንሰው ጓደኛችን «አይ፣ እንካፈል። ለእኔ የወር ታክሲዬ ነው» አለ፤ ድምፁ ውስጥ መሳቀቅ አልነበረም። ተካፈልን። ለሚቀጥለው ጉዞ፣ ለሙምባይ፣ እንደ አዲስ ማዋጣት ጀምረናል፤ መዋጮውንም በእሱ አቅም ልክ ነው የወሰንነው።