ሰዓት የማይቆጠርለት ሥራ

እዚህ ሜሪላንድ፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ የሕዝብ ትምህርት ቤት ተማሪ ከሁለተኛ ደረጃ ለመመረቅ 75 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት ያስፈልገዋል። ቆጠራው የሚጀምረው አምስተኛ ክፍል ካለቀ በኋላ ባለው ክረምት ነው። የእኔዋ ልጅ ገና ሦስተኛ ክፍል ስለሆነች ምንም ብትሠራ የሚመዘግብላት የለም። ለእኔ ግን ዋናው ትምህርት ያለው እዚህ ባልተቆጠረው ላይ ይመስለኛል። ትልልቆቹማ «ይሄ ስንት ሰዓት ይያዝልናል?» ሳይሉ ወንበር አያነሡም።

ሰሞኑን ክፍሏ ለተቸገሩ ቤተሰቦች የታሸገ ምግብ ሰበሰበ። መምህርቷ ዝም ብላ በካርቶን አልላከችውም። ልጆቹ ጣሳውን በዓይነት ለዩ፣ ቆጠሩ፣ ግራፍ ሠሩ፣ ጊዜው ያለፈበትን አወጡ። ከዚያ «እናንተ ብትሆኑ የትኛውን ትመርጣላችሁ?» ብላ ጠየቀቻቸው። ለካ አብዛኛው ልጅ ያመጣው ቤቱ ውስጥ ማንም የማይበላውን ኖሯል!

እኛ አገር ቤት ስንማር ክፍል በተራ እንጠርግ ነበር፤ ችግኝም ተክለናል። ግን አርፍዶ የመጣ ተማሪ ቅጣቱም ግቢ መጥረግ ነበር። ያው መጥረጊያ ለአገልግሎትም ለቅጣትም ሲውል ልጅ የቱን ይዞ ያድጋል? ዛሬም መጥረጊያ ሲሰጡኝ «ምን አጠፋሁ?» የምለው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ልጄ ደግሞ ለክፍሏ የምግብ ማሰባሰቢያ ሽሮ ካልወሰድኩ ብላ ነበር። «ቤት የተዘጋጀ አይቀበሉም፤ የፋብሪካ እሽግ መሆን አለበት» ብያት እስካሁን አኩርፋለች። «የአያቴን ሽሮ ሳይቀምሱ?» ትለኛለች።