ጠብቆና ላልቶ

ከቢቸና ወደ ሞጣ የሚሄደው አውቶቡስ ገና ከመናኸሪያው እንደወጣ ሾፌሩ ዘፈኑን አጠፋና ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከውን «ፍቅር እስከ መቃብር» ከፈተ። ጫጫታው ረገብ አለ። ረዳቱ እንኳ ሒሳብ የሚሰበስበው በሹክሹክታ ሆነ። ፊታውራሪ መሸሻ ሲቆጡ አጠገቤ የተቀመጡት እናት መቀነታቸውን ጠበቅ ያደርጋሉ፤ ጉዱ ካሳ ሲናገር ፊታቸው ይፈታል። የሚያነበው ግን አንድ ሰው ነው።

ይህን ትረካ በዚህ መንገድ ላይ መስማት ሌላ ነው። የልቦለዱ ዲማ ጊዮርጊስ ከቢቸና ቅርብ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ተምረው አድገው በ1958 ዓ.ም. መጽሐፉን ሲያሳትሙ፣ የጻፉት የሚያውቁትን አገር ነው። ደብረ ወርቅንም አውቶቡሳችን ትንሽ ቆይቶ ያልፋታል። ባለቤቱ ፊት የባለቤቱን ወግ ማውራት ጭንቅ ነው፤ ወጋየሁ ግን ተወጥቶታል።

ምኑ እንዲህ አስወደደው ሲባል ብዙ ሰው «ድምፁ» ይላል። እኔ ጆሮው ነው እላለሁ። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ አይጽፍም። «ሰፊ» ሲላላ ልብስ የሚሰፋው ሰው ነው፤ ሲጠብቅ ጠባብ ያልሆነው። «ይበላል» ሲላላ በዪው ነው፤ ሲጠብቅ ምግቡ። ለራሱ የሚያነብ ሰው ቢሳሳት ተመልሶ ያስተካክላል። ተራኪ ግን መመለሻ የለውም፤ አፉ የዓረፍተ ነገሩ መነሻ ላይ ሳለ ዓይኑ መድረሻው ላይ ደርሶ መጠበቅ አለበት። አንዲት ፊደል ካለቦታዋ ከጠበቀች ዲማ የነበረው አድማጭ ተመልሶ አውቶቡስ ወንበር ላይ ይገኛል።

ጎጃም ይህን ጥንቃቄ ከቆሎ ተማሪነት ጀምሮ ነው የሚያስተምረው። ሕፃኑ ተነሽ፣ ሰያፍ፣ ወዳቂና ተጣይ የሚባሉትን የንባብ ስልቶች ሳይለይ ንባብ አወቀ አይባልም። ቅኔ ቤት ሲገባ ደግሞ የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ፤ የተበላሸችው ቦታ ላይ ሲደርስ ይመልሱታል። እንዲህ ያለ ጆሮ ካለበት አገር የወጣን ታዳሚ በግርድፉ አዝናናዋለሁ ማለት ድፍረት ነው።

ዓይኑም እንደ ጆሮው ነው። አያቴ አንድ ጊዜ የቴሌቪዥን ድራማ ስታይ ለቅሶ ቤት የተቀመጠችው ተዋናይ ነጠላዋን ሳታዘቀዝቅ፣ ጥለቱን ወደ ታች አድርጋ ታለቅሳለች። ልጅቷ ከልቧ ነበር የምታለቅሰው። አያቴ ግን «ይችስ የሞተባት አይደለችም» ብላ ፊቷን አዞረች። ለእንዲህ ዓይነቱ ስሕተት ብዙ ጊዜ የምንሰማው ሰበብ የገንዘብ እጥረት ነው። ነጠላ ለማዘቅዘቅ ገንዘብ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው አንዲት እናት ጠጋ ብሎ መጠየቅ ብቻ ነው። አለመጠየቁ ያሳዝነኛል።

ሞጣ አመሻሽ ላይ ገባን። የታኅሣሥ አጋማሽ ነበር፣ ብርዱ ያንቀጠቅጣል። በገባሁበት ጠጅ ቤት አዝማሪው የመሰንቆውን ደጋን ጭራ በዕጣን ያሻል። አንዴ ገዝገዝ አድርጎ ሞከረውና አልወደደውም፤ እንደገና አሸ። ማንም አላጣደፈውም።

ጥግ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ «ተቀበል!» አሉት። ግጥሙ ዐረብ አገር ስለሄደች ልጅ ነው፤ መቼ ትመጣለች ብሎ ይጠይቅና በ«ገና» ይዘጋል። በጫጫታው መሀል ለአዝማሪው አልለየለትም። ከጠበቀ በዓሉ ነው፤ ልጅቷ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ደጅ ትደርሳለች። ከላላ ግን ቀኑ አይታወቅም። ደጋኑን አንሥቶ ወደ ሽማግሌው ጎንበስ አለ።

«አባቴ፣ ላጥብቀው ወይስ ላላላው?»

ሽማግሌው ብርሌያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ትንሽ ቆዩ።

«አላላው፣ ልጄ» አሉት።