ደረቅ ዳይፐር

አራስ ሊጠይቁኝ የመጡ ሁሉ «እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው!» እያሉ መረቁልኝ። ተኝቶ ይውላል፣ ተኝቶ ያድራል። ጡት ሲሰጠው ጥቂት ስቦ ያሸልባል። ዝምታውን ያልወደደችው እናቴ ብቻ ነበረች። ዳይፐሩን ገልጣ አየችና «ይሄ ልጅ ከጠዋት ጀምሮ አልሸናም እኮ» አለችኝ። ከዚያ በፊት የሸናው ደግሞ የጡብ ቀለም ያለው ዱቄት መሰል ነገር ትቶ ነበር።

ጤና ጣቢያ ወስደን አስመዘንነው። ሲወለድ 3 ኪሎ ከ100 ግራም ነበር፤ አሁን 2 ኪሎ ከ700። አራስ ልጅ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንሽ መቀነሱ ያለ ነው፤ ከ10 በመቶ ሲያልፍ ግን ያሰጋል። ወዲያው ወደ ሆስፒታል ላኩን። እርግብግቢቱ ጎድጉዷል፣ አፉ ደርቋል፣ ዓይኑ ቢጫ ሆኗል። በደሙ ውስጥ ያለው ሶዲየም ከልክ በላይ ከፍ ብሎ ተገኘ። ሐኪሙ ፈሳሹ በደም ሥሩ ቀስ እያለ እንዲገባ አዘዘ፤ ሶዲየሙ በአንዴ ከወረደ አንጎል ሊያብጥ ይችላል አለን። እመ ብርሃንን ስማጸን አደርኩ።

ወተት አልጎደለኝም፤ ጡቴ ተወጥሮ ያመኝ ነበር። ልጁ የሚጎርሰው ግን ጫፉን ብቻ ነው። አፉን በሰፊው ከፍቶ በዙሪያው ያለውን ጠቆር ያለ ክፍል ጭምር ካልያዘ ወተቱ በደንብ አይመጣለትም። በደንብ ያልጠባ ሕፃን አቅም ያጣል፤ አቅም ሲያጣ ይተኛል፤ ሲተኛ አይጠባም። ከወለድኩበት ቦታ ስወጣ ልጁ ሲጠባ ማንም ቆሞ አላየልኝም። ይሄ ዛሬም ያንገበግበኛል። አንዲት እናት ወደ ቤቷ ከመሄዷ በፊት ስታጠባ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚያይላት ባለሙያ ሊኖር ይገባል።

አንዲት ነርስ ደብተር አስገዝታ አሰመረችልኝ፦ ሰዓት፣ የትኛው ጡት፣ ሽንት፣ ሰገራ። «በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጥባ፤ ከአምስተኛው ቀን ወዲህ ቢያንስ 6 ዳይፐር ያርጥብ፤ ሰገራውም ከጥቁር ወደ ቢጫ ይለወጥ» አለችኝ። የዛሬ ዳይፐር ሽንቱን ውጦ ደረቅ ስለሚመስል፣ በንጹሕ ዳይፐር ላይ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ውኃ አፍስሳ ክብደቱን በእጄ አስለመደችኝ።

ቤት ስንመለስ ሌሊቱ የሥራ ሰዓት ሆነ። ልብሱን አውልቄ እግሩን እያሻሸሁ አነቃዋለሁ። ያለብኩትን ወተት እናቴ በትንሽ ኩባያ ትሰጠዋለች። በእንቅልፍ እጦት ያጠባሁትና በሕልሜ ያየሁት ይምታታብኝ ስለነበር፣ የማምነው የተጻፈውን ብቻ ነበር። አንዷ ዘመድ ቅቤ ላስልሰው፣ ሌላዋ ስኳር በውኃ ልስጠው አሉ። እናቴ «ከጡት ወተት በቀር አንዲት ነገር አፉ አትገባም» ብላ በር ላይ መለሰቻቸው።

በሦስተኛው ሳምንት 3 ኪሎ ከ200 መዘነ። ሐኪሙ ደብተሩን አገላብጦ ሌሊት መቀስቀሱን እንድተው ነገረኝ። መጻፉን ግን ቀጠልኩ፤ ልቤ ገና አላመነም ነበር።