ሞተሬና ጥቅምት

ክረምቱን ሙሉ ሸራ ለብሳ የከረመችውን ሞተሬን ዛሬ አወጣኋት። ካቴናዋ ዝጓል። ካንዴላዋን ፈትቼ በብርጭቆ ወረቀት ፈተግ ፈተግ አደረግኩና መልሼ አጠበቅኩት፤ በአራተኛው እርግጫ ተነሳች። ጎረቤታችን እማማ ድምፁን ሰምተው ብቅ አሉ፤ «አንተ ልጅ፣ ይቺን ነገር እስካሁን አልሸጥካትም?»

ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ወዲህ አዲስ አበባ ላይ ያለ ፈቃድ ሞተር መንዳት ስለተከለከለ፣ ወረቀቴን ሳልይዝ ከመካኒሳ አልወጣም። ከዚያ ጀሞን አልፎ ዓለምገና ላይ ወደ ግራ፣ የቡታጅራን መንገድ መያዝ ነው። እስከ መልካ ቁንጥሬ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ጭቃው ደርቋል፣ አቧራው ገና አልተነሳም፣ ጤፉ መዘናፈል ጀምሯል። ለኔ ከዓመቱ ሁሉ ለሞተር የሚሆነው ይሄ ጊዜ ብቻ ነው። ብርዱ ግን ጓንት አያውቅም፤ «በጥቅምት አንድ አጥንት» ያሉት ሰዎች ሞተር ሳይነዱም ገብቷቸዋል።

ጥቅምት 5 ግን የትም አልሄድም። የአቦ ንግሥ ነው፤ መንገዱ ነጭ በነጭ ይሆናል፣ ያን ቀን ሞተር አጥፍቶ መግፋት ነው።

ባለመኪኖች፣ እባካችሁ በር ከመክፈታችሁ በፊት ስፖኪዮ እዩ።